«ጠጥተሃል» ስትባሉ፦ ለኩኝ በሉ፣ ወረቀት ጠይቁ፣ 48 ሰዓት ቁጠሩ

የሰፈራችን ሰው ነው፤ ሚኒባስ እየነዳ ልጆች ያሳደገ። ስሙንም የተያዘበትን ከተማም አንጠቅስም፤ የፈለገውም እንደዚያ ነው። በጥር ሠርግ ሰሞን፣ አርብ ማታ፣ ከደጋው ወደ ጎንደር ሲመለስ አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ላይ ትራፊክ አስቆመው። መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ «ትሸታለህ፣ ጠጥተሃል» ተባለ። እኩለ ቀን ላይ ሠርግ ቤት አንድ ጣሳ ጠላ መቅመሱን አልካደም። «እሺ ለኩኝ» ቢል መለኪያ የለም አሉት። «ሐኪም ዘንድ ውሰዱኝ» ቢል የሰማው የለም። አርብ ማታ ገብቶ ሰኞ ከሰዓት ወጣ። ዳኛ አላየም፣ ክስ አልተነበበለትም፣ ለከፈለው ገንዘብም ደረሰኝ አልተሰጠውም።

እስካሁን ሲያወራው የሚያንገበግበው ግን የራሱ ጉዳይ አይደለም። ቅዳሜ ሌሊት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደግፈው አምጥተው አጠገቡ አስቀመጡት፤ ሰውየው በእግሩ መቆም አይችልም ነበር። ሰዓት ሳይሞላ አንድ ሰው መጣ፣ በር ላይ ተነጋገሩ፣ ሰካራሙ ወጣ። ወዲያው ውጭ የመኪና ሞተር ሲነሳ ተሰማ። የሰፈራችን ሰው «ወደ ሊማሊሞ ነው የሄደው፤ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ አደርኩ» ይላል።

እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ነበር። አንዱ ሳይለካ ታሰረ፣ ሌላው ሳይለካ ተለቀቀ። ሁለቱም ጥፋት የመጣው ከአንድ ቦታ ነው፤ ልኬትም ወረቀትም ባለመኖሩ። ለዚህ ነው ዛሬ ይህን ጉዳይ ከሥሩ ለማብራራት የተነሳነው። ውድ ተከታታዮቻችን፣ ሹፌር ብትሆኑ፣ ረዳት ብትሆኑ፣ ተሳፋሪ ብትሆኑ ይመለከታችኋል። ቀድመን እንናገር፦ ጠጥቶ የሚያሽከረክርን ሰው ለመከላከል አልጻፍንም። ሕጉ ሰካራሙን ከመንገድ የሚያወርደው በትክክል ሲሠራ ብቻ ነው ለማለት ነው።

ሕጉ ስንት ነው የሚለው?

የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ በመጠጥ ተጽዕኖ ሥር ሆኖ ማሽከርከርን ይከለክላል። ወሰኑ በቁጥር የተቀመጠ ነው። በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ግራም አልኮል። የዓለም ጤና ድርጅትም በመንገድ ደህንነት ሪፖርቱ የኢትዮጵያን ወሰን በዚሁ መዝግቦታል። ያው መጠን በትንፋሽ ሲለካ በአንድ ሊትር ትንፋሽ ወደ 0.4 ሚሊ ግራም ይጠጋል።

ይህ ቁጥር ጥብቅ አይደለም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከእኛ ጋር እኩል ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን አገሮች ወደ 0.5 እንዲያወርዱ ይመክራል፤ ኖርዌይ 0.2 ላይ አቁማዋለች። ስለዚህ በእኛ አገር ወሰኑን አልፎ የተገኘ ሰው «ትንሽ ነው የቀመስኩት» ቢል አያስኬድም፤ በደንብ ጠጥቷል ማለት ነው። በሌላ በኩል ሽታ ቁጥር አይደለም። ፖሊስ ሽታን፣ የንግግር መንተባተብን፣ የአረማመድ መንገዳገድን ማየቱና መመስከሩ ትክክል ነው፤ ፍርድ ቤትም ይሰማዋል። ግን ያ የጥርጣሬ መነሻ ነው። ጥርጣሬን ወደ እውነት የሚለውጠው ልኬት ነው።

ጠላ፣ አረቄ፣ ቢራ እና ማለዳ

ሹፌሮቻችን ዘንድ ስለ መጠጥ የሚነገር ብዙ ወሬ አለ፤ ጥቂቱን እናጥራ።

አንድ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ 5 በመቶ አልኮል ካለው፣ ወደ 13 ግራም አልኮል ይዟል። አንድ መለኪያ አረቄ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ አይተናነስም፤ አንዳንዴ ይበልጣል። 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ወንድ በባዶ ሆዱ ሦስት ጠርሙስ ቢራ ቶሎ ቶሎ ቢጠጣ ወሰኑ አፋፍ ላይ ይደርሳል። ክብደቱ ያነሰ ሰው ደግሞ ቀድሞ ይደርሳል። የጠላ ችግር ሌላ ነው፤ ቤት የተጠመቀ ስለሆነ ጉልበቱ ከቤት ቤት ይለያያል። የአንዷ ጠላ ቅራሪ ነው፣ የሌላዋ ፊልተር ራስ ያዞራል። «ሁለት ጣሳ ነው» ማለት ስንት ግራም እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ቡና፣ ቃሪያ፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ መታጠብ፣ ጫት፣ ማስቲካ፦ አንዳቸውም ከደም ውስጥ አልኮል አያወጡም። የሚያወጣው ጉበት ነው፤ እሱም በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚችለው። አንድ ቢራ ለማጥራት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሊፈልግ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ሌሊት 6 ሰዓት ድረስ ፒያሳ ሲጠጣ ያመሸ ሹፌር፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ገብቶ የደባርቅ ተሳፋሪ ሲጭን፣ ተኝቶ ቢነሳም አልኮሉ ገና አልወጣም። ብዙ ከጠጣ ከወሰኑ በላይም ሊሆን ይችላል። የእኛ አገር የረጅም ጉዞ መኪና በማለዳ ነው የሚነሳው፤ «ማታ ነው የጠጣሁት» የሚለው ምክንያት ብዙዎችን የሚያታልለውም ለዚህ ነው።

የመንገዱን ነገር ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ጉም የሚበዛበት ደጋ ነው። ከደባርቅ በኋላ ሊማሊሞ ይመጣል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆረጠው፣ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ዛሪማ ቆላ እየተጠማዘዘ የሚወርድ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። አልኮል የሚወስደው ያንን አንድ ሰከንድ ነው። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ 17 ሜትር የሚባል ትርፍ መንገድ የለም።

ትራፊክ ሲያስቆማችሁ

ትራፊክ ፖሊስ የማስቆም ሥልጣን አለው። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ኢንሹራንስ መጠየቅም ሥራው ነው። አትሽሹ፣ አትሳደቡ፣ ሞተር አጥፉ፣ እጃችሁ ይታይ። ሌሊት ዳባት ላይ በብርድ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሰው የተገለበጠ መኪና ውስጥ ገብቶ አስከሬን ያወጣ ሊሆን ይችላል። በክብር አነጋግሩት። እሱም በክብር ሊያነጋግራችሁ ግዴታ አለበት።

ፖሊስ በእርግጥ ጠጥታችኋል ብሎ ከጠረጠረ እንዳትነዱ ሊከለክል ይችላል፤ ይህ ትክክለኛ ሥራው ነው። ያኔ የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ መኪናው የት እንደሚቆም፣ የተጫነው ዕቃ በዝርዝር እንዲመዘገብ፣ ተሳፋሪዎቹ እንዴት እንደሚሄዱ። መንጃ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ካለ እሱ እንዲነዳ ጠይቁ። መንጃ ፈቃድ ለሌለው ረዳት መሪ መስጠት ግን ሌላ ጥፋት መጨመር ነው፤ ብዙ ቦታ አይተነዋል።

ልኬቱ እንዴት ነው መሆን ያለበት?

አዲስ አበባ በ2015 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በብሉምበርግ የመንገድ ደህንነት ፕሮግራም ከታቀፉት አሥር የዓለም ከተሞች አንዷ ነበረች፤ የትንፋሽ መመርመሪያ በትራፊክ ፖሊስ እጅ መታየቱን ብዙ ሰው የሰማው ከዚያ ወዲህ ነው። መሣሪያው ቀላል ነው፤ ትነፋላችሁ፣ ቁጥር ይወጣል። ግን አራት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል መሣሪያውን ያሳስተዋል። አሁን የጠጣ ወይም አፉን በአልኮል የተጉመጠመጠ ሰው ወዲያው ቢነፋ ከደሙ የበለጠ ቁጥር ይወጣል። በዓለም የተለመደው አሠራር 15 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። ይህን በትህትና ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩት። ሰዓቱንም ያዙ። ክሱ ላይ ቁጥሩና ሰዓቱ ይጻፍ በሉ።

ሦስተኛ፣ መሣሪያ ከሌለ ሐኪም አለ። በ1954 ዓ.ም. የወጣውና ለአሥርት ዓመታት የተሠራበት የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 34 ስለዚህ ይናገራል፦ መርማሪ ፖሊስ አስፈላጊ መስሎ ከታየው ተጠርጣሪው በተመዘገበ ሐኪም እንዲመረመር፣ ውጤቱም በጽሑፍ እንዲሰፍር ማድረግ ይችላል። የደም ምርመራም በዚህ ውስጥ ይገባል። ልብ በሉ፤ ደም የሚወስደው ሐኪም ነው፣ ፖሊስ አይደለም።

አራተኛ፣ «ዝም የማለት መብት አለኝ፣ አልመረመርም» የሚል ሰው አለ። ዝም የማለት መብት የቃል ጉዳይ ነው፤ አንቀጽ 34 ደግሞ የሰውነት ምርመራን ለይቶ ፈቅዷል። አልነፋም ያለን ሰው ፖሊስ ወደ ሐኪም ሊልከው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ይህ ነው። አልኮል በየሰዓቱ ከደም እየቀነሰ ይሄዳል። ነገ ጠዋት የሚደረግ ምርመራ ስለ ዛሬ ማታ ምንም አይናገርም፤ ሰካራሙን ነፃ ያወጣዋል፣ ያልጠጣውን ደግሞ ማስረጃ ያሳጣዋል። ስለዚህ ያልጠጣ ሰው መሸሽ ሳይሆን ቶሎ ለኩኝ ማለት ነው ያለበት። ሰዓት እያለፈ በሄደ ቁጥር እውነቱም አብሮ ይተናል። «እንድመረመር ጠይቄያለሁ» የሚለው ቃላችሁ ቃል ስትሰጡ ወረቀት ላይ ይስፈር። አጠገባችሁ የነበረ ተሳፋሪ ካለ ስልክ ቁጥሩን ያዙ።

ከተያዛችሁስ?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ለማንኛውም የተያዘ ሰው የተጻፈ ነው። ለጥሩ ሰው ብቻ አይልም፣ ላልጠጣ ሰው ብቻም አይልም። በቀላል አማርኛ እንዲህ ነው፦

▪ የተያዛችሁበት ምክንያት በዝርዝር፣ ወዲያውኑ፣ በምትረዱት ቋንቋ ሊነገራችሁ ይገባል። ከሽሬ በአዲ አርቃይ በኩል የመጣ ትግርኛ ተናጋሪ ሹፌር በትግርኛ የማወቅ መብት አለው።

▪ ያለመናገር መብት አላችሁ። የምትናገሩት ነገር በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንባችሁ እንደሚችልም ሊነገራችሁ ይገባል። ስም፣ አድራሻና መንጃ ፈቃድ ስጡ፤ ስንት ጠርሙስ እንደጠጣችሁ የመናገር ግዴታ ግን የለባችሁም።

▪ ተገድዳችሁ የሰጣችሁት ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም።

▪ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ።

▪ በዋስ የመፈታት መብት አላችሁ፤ የሚከለከለው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ነው።

አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹህ ይቆጠራል ይላል። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር እንዲገናኝና እንዲጠይቁት ይፈቅዳል። «ማንም አይገባም» የሚባለው በየትኛው ሕግ እንደሆነ መጠየቅ ትችላላችሁ።

48 ሰዓት እንዴት ይቆጠራል?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጭበረበረው። አርብ ማታ 3 ሰዓት ላይ የተያዘ ሰው 48 ሰዓቱ የሚሞላው እሁድ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። «ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም» የሚል ቃል ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። የሚቀነሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተያዙበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ። ጃናሞራ ወይም በየዳ ገጠር ውስጥ የተያዘ ሰው ላይ ይህ ትርጉም አለው፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ፍርድ ቤቱ በእግር ሩብ ሰዓት በሆነበት ከተማ ላይ ግን «ጉዞ» የሚባል ሰበብ የለም።

ቤተሰብ የሚሠራው ሥራ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት መጻፍ ነው። ሰዓቱ ከሞላ ጠበቃ ወይም ቤተሰብ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል፤ ይህም በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 የተጻፈ መብት ነው። ሰውን ያለ ሕግ የያዘ ወይም አስሮ ያቆየ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ራሱ ይጠየቃል።

ዳኛ ፊት ስትቀርቡ ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን ሊጠይቅ ይችላል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። አደጋ ሳይደርስ፣ ሰው ሳይጎዳ፣ በልኬት ብቻ የተያዘ ሰው ላይ ግን የሚመረመር ምን ቀረ? ቁጥሩ ተለክቷል፣ መሣሪያው ተናግሯል። ይህን ለዳኛው ተናግራችሁ ዋስ ጠይቁ። እንዲያውም ጥፋቱ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ አንቀጽ 28 ፖሊስ ራሱ በዋስ እንዲለቅ ይፈቅድለታል፤ ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ ሳያስፈልግ።

ሰው ከተጎዳ ነገሩ ይለወጣል

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይመለከታል። እንደ ሹፌር የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ቅጣቱ ከሌላው ይከብዳል። ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ደግሞ ራሱን በመጠጥ ወይም በዕፅ አእምሮውን አስቶ የገደለ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል ይላል። «ሰክሬ ስለነበር አላወቅሁም» ማምለጫ አይደለም፤ ሕጉ ይህንኑ ነው ማክበጃ ያደረገው።

ዋስትናውም ይጠባል። በአንቀጽ 63 መሠረት የተጎዳው ሰው ሊሞት ይችላል ተብሎ የሚያሰጋ ከሆነ ዋስ ላይፈቀድ ይችላል። ዘመዶች «ሰው አልሞተም እኮ፣ ለምን አይፈታም?» የሚሉት ይህን ባለማወቅ ነው። የተጎዳው ሰው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተኝቶ ሐኪም «ከአደጋ ወጥቷል» እስኪል ድረስ ጉዳዩ ሊንጠለጠል ይችላል።

ገጭቶ መሸሽ ሌላ ወንጀል ነው። የተጎዳን ሰው አለመርዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ያስቀጣል። ሕክምናውን ፈርታችሁ አትሽሹ፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው የአስቸኳይ ጊዜ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል።

ለባለንብረቶችም አንድ ቃል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት፣ እሱ ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። አብዛኛው የመኪና ኢንሹራንስ ውል ደግሞ ሹፌሩ ሰክሮ ላደረሰው ጉዳት መድን ሰጪውን ነፃ የሚያደርግ አንቀጽ አለው። ሹፌራችሁ ማታ የት እንዳመሸ የማወቅ ጉዳይ የሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፤ የንብረት ነው።

ፍተሻ፣ ስልክ፣ ዱላ

የመጠጥ ጥርጣሬ ስልክ ለማስከፈት ፈቃድ አይሆንም። የግል ሕይወት፣ ደብዳቤና የስልክ ግንኙነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቁ ናቸው። መኪና ለመበርበርም የሥነ ሥርዓት ሕጉ ያስቀመጠው ምክንያት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። በጉልበት ግን አትከልክሉ፤ «አልፈቀድኩም» በሉና ሲፈተሽ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳየ ያዙ።

«እንኳን ለሹፌር፣ ለማንም ሕግ አልሠራ» የሚለን አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። በክልላችን ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተራዝሞ እስከ 2016 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ድረስ ቆይቷል፤ በዚያ ጊዜ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይያዝ ነበር። ብዙ ሰው «48 ሰዓት» የሚባል ነገር የጠፋ የሚመስለው ከዚያ ወዲህ ነው። ያ አዋጅ ጊዜው አልፏል። አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ እንኳ የማይነካ መብት ደግሞ አለ፤ በአንቀጽ 93 መሠረት ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 በምንም ሁኔታ አይታገድም። ሰክሮ የተያዘም ሰው አይደበደብም። ድብደባ ከደረሰ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ማስረጃ አውጡ፤ ሰንበር ቶሎ ይጠፋል።

«እዚሁ እንጨርሰው»

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ይህን ሁሉ ሕግ አንድ ዓረፍተ ነገር ያፈርሰዋል፤ «እዚሁ እንጨርሰው»። አንዳንዴ ፖሊስ ይለዋል፣ አንዳንዴ ሹፌር ይለዋል። እውነቱን እንናገር፤ ብዙ ጊዜ ሹፌሩ ነው ቀድሞ እጁን ኪሱ የሚከተው።

ያልጠጣው ሹፌር ለምን ይከፍላል? ቀኑ ስለሚበላበት። ታርጋ ቢፈታ፣ መኪና ቢቆም፣ የቀን ገቢው ይቀራል፤ ከዚያ መክፈሉ ይቀለዋል። የጠጣውስ? ከቅጣቱ ስለሚያንስ። ስለዚህ ሁለቱም ይከፍላሉ፣ ሁለቱም ይሄዳሉ። ልዩነቱ ያልጠጣው የሄደው ያለ ጥፋቱ ተዘርፎ ነው፤ የጠጣው የሄደው ደግሞ መሪ ይዞ ነው። ከፊት ለፊቱ ከደባርቅ ገበያ የምትመለስ እናት፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ፣ አሥራ ምናምን ሰው የጫነ ሚኒባስ አለ። ጉቦ ከፍሎ ያለፈ ሰካራም የገዛው የእነሱን መንገድ ነው።

ጉቦ የሚቀበል ብቻ አይደለም ወንጀለኛ፤ የሚሰጥም ነው፤ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሁለቱንም ይቀጣል። ጥፋት ካለባችሁ ክሱን ተቀበሉ፣ በሕጋዊ መንገድ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ያዙ። ጥፋት ከሌለባችሁ «ክሰሰኝ፣ ወረቀት ስጠኝ» በሉ። ወረቀት የሌለው ቅጣት ቅጣት አይደለም። ለመክሰስ ሲባል የሚጻፍ ወረቀት ላይ ስም፣ ቁጥር፣ ሰዓትና ፊርማ አለ፤ ሐሰተኛ ክስ የሚፈራው ይህንን ነው።

የት እናመልክት?

መጀመሪያ የጣቢያው ኃላፊ ዘንድ፣ ቀጥሎ የዞኑ ፖሊስ መምሪያ ዘንድ፣ ከዚያ የክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን ዘንድ። በጽሑፍ አቅርቡ፣ ቅጂ አስቀሩ፣ የገባበትን ቀን አስመዝግቡ። ሕገወጥ እስርና ድብደባ ከሆነ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ለጠበቃ አቅም የሌላችሁ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ አትርሱ፤ አቤቱታ ለማስጻፍ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እዚያ ጠይቁ።

በአጭሩ ስልካችሁ ላይ የምታስቀምጡት፦

1. ከጠጣችሁ አትንዱ፤ ማታ ብዙ ከጠጣችሁ ማለዳም አትንዱ።
2. ከተጠረጠራችሁ «ቶሎ ለኩኝ» በሉ፤ መሣሪያ ከሌለ ሐኪም ጠይቁ።
3. ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ የፖሊሱን ስም ያዙ።
4. የተያዛችሁበትን ሰዓት ለቤተሰብ ንገሩ፤ 48 ሰዓት ይቆጥሩ።
5. ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አትስጡ፣ አትቀበሉ።
6. ሰው ከተጎዳ አትሽሹ፤ አንሱትና ሆስፒታል አድርሱ።

የሰፈራችን ሰው አሁንም ያንኑ መስመር ይሠራል። ይህን ጽሑፍ ከመልቀቃችን በፊት አነበብንለት። «አርብ ማታ ይህን ባውቅ ኖሮ እሁድ ልጆቼን ቤተ ክርስቲያን እወስድ ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ያ ሰውዬ ግን... ያን ሌሊት ቢለካ ኖሮ እዚያው ያድር ነበር እኮ» አለን።

ሹፌር ወንድም፣ አባት፣ ባል፣ ልጅ ላላችሁ ሁሉ ሼር አድርጉላቸው። ትራፊክ ፖሊስ ወዳጅ ካላችሁም ላኩለት፤ ሥራውን በአግባቡ ለሚሠራ ፖሊስ ይህ ጽሑፍ ጋሻው ነው።